«ጌት» ማለት «አገኘ» ብቻ ነው ያለው ማነው?

በዚህ ዕትም ይዤላችሁ የቀረብኩት በእንግሊዝኛ ሆሄ ሦስት ፊደል ብቻ ያላትን አንዲት ግስ ነው። ግሷ «ጌት» ትባላለች። «ስንት የሚያወያይ ነገር እያለ አንዲት ግስ ምን ትሆናለች?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን የዚህች ግስ ጉዳይ እንግሊዝኛን እንዴት እንደተማርን፣ ነገ ደግሞ እንዴት ልናስተምር እንደተዘጋጀን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል ባይ ነኝ።

አብዛኞቻችን ከ«ጌት» ጋር የተዋወቅነው በአንደኛ ደረጃ ነው። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በግራ በኩል «ጌት»፣ በቀኝ በኩል «አገኘ» ብሎ ይጽፋል፤ እኛም እንገለብጣለን፤ አለቀ። ከዚያ ኮሌጅ እንገባለን። ገና በፍሬሽማን የራይቲንግ ኮርስ ሁለተኛው ትእዛዝ ይመጣል፦ «ጌት ኢንፎርማል ናት፣ አትጠቀሙባት። በምትኩ ኦብቴይን፣ ሪሲቭ፣ ቢካም በሉ።» የመጀመሪያው ትምህርት ግሷን አጠበባት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከለከላት። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ሜዳ ማን አሳየን? ውጤቱም ይኸው ነው፤ የእንግሊዝኛ ሜጀር ሆነን፣ ሦስተኛ ዓመት ደርሰን፣ ባለቋንቋዎቹ ከአፋቸው የማይለዩዋትን ግስ እኛ እንደ ድንገተኛ ፈተና እንሸሻታለን።

የኔ አቋም እንዲህ ነው። «ጌት» ያስቸገረችን ትርጉሟ ስለበዛ አይደለም። የራሳችንን ቋንቋ ሰዋስው ውጭ ትተን ባዶ እጃችንን ስለተጠጋናት ነው። አማርኛችን «ተ» እና «አስ» እያለ በግስ ራስ ላይ የሚሠራውን ሥራ እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ ለዚህች ትንሽ ግስ ሰጥቶታል። ይህን ካየን ነገሩ ሁሉ ይቀላል።

ብዛቷ በቁጥር

በመጀመሪያ የምንሸሻት ግስ ምን ያህል የተለመደች እንደሆነች እንይ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳግላስ ባይበር፣ ስቲግ ዮሃንሰን፣ ጄፍሪ ሊች፣ ሱዛን ኮንራድ እና ኤድዋርድ ፊኔጋን አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ በሎንግማን አሳትመዋል። መጽሐፉ በግምት የተጻፈ አይደለም፤ ከ40 ሚሊዮን በላይ ቃላት ያሉት የንግግርና የጽሑፍ ክምችት ተቆጥሮ የተሠራ ነው። አጥኚዎቹ ከረዳት ግሶች ውጭ በብዛት የሚገኙ 12 ግሶችን ለይተዋል። እነሱም ሴይ፣ ጌት፣ ጎው፣ ኖው፣ ቲንክ፣ ሲ፣ ሜክ፣ ከም፣ ቴይክ፣ ዎንት፣ ጊቭ እና ሚን ናቸው። በተራ ጭውውት ውስጥ ከሚነገሩት ግሶች 45 በመቶ የሚጠጉት እነዚህ 12ቱ ብቻ ናቸው። በጭውውት ውስጥ ደግሞ ከሁሉም የምትበልጠው «ጌት» ናት።

ይኸው መጽሐፍ ሌላም ነገር ይናገራል። በአካዳሚክ ጽሑፍ ውስጥ የ12ቱ ግሶች ድርሻ ወደ 11 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ «አትጠቀሙባት» የሚሉን መምህራን ከመሬት ተነስተው አይደለም የሚናገሩት። ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና ተመልከቱ። አንደኛው ስለ ጥናታዊ ጽሑፍ የሚናገር ነው፤ ሌላኛው ሰው ከሰው ጋር ስለሚያወራበት እንግሊዝኛ ነው። እኛ ግን የጥናታዊ ጽሑፉን ሕግ ይዘን ካፌ ውስጥም፣ ስፖክን ኮርስ ላይም፣ ለጓደኛ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይም ሥራ ላይ አዋልነው።

ግሷ ያስቸገረችውም እኛን ብቻ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ታላቁን መዝገበ ቃላት ሲያሳትም በመቅድሙ ላይ ትርጉማቸው ስለሚዋልል ሥራውን ያከበዱበትን ግሶች ስም ዘርዝሮ አማሯል። ከዝርዝሩ ውስጥ «ጌት» አለችበት። የሚገርመው ደግሞ ግሷ ከመሠረቱ ለእንግሊዝኛ እንግዳ ናት። ቫይኪንጎች እንግሊዝ አገር ገብተው ሲሰፍሩ ይዘውት ከመጡት የጥንት ኖርስ ቋንቋ የተወረሰች ናት፤ እዚያ «ጌታ» ትባል ነበር፣ ትርጉሟም «አገኘ» ነው። «ጌታ» ሲባል የኛው ጌታ እንዳይመስላችሁ፤ የድምፅ መገጣጠም ብቻ ነው! «ቴይክ»ም «ዘይ»ም «ኤግ»ም ከዚያው ከኖርስ የመጡ ናቸው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታባቸው የሚመስሉን እነዚህ ቃላት ሁሉ መጤዎች ናቸው።

እንግዲህ «ጌት = አገኘ» ብሎ ያስተማረን ሰው አልዋሸንም። መነሻዋን ነው የነገረን። ችግሩ መነሻዋን ነግሮን የሄደችበትን ሳይነግረን መቅረቱ ነው።

«አለ» ማለትስ ምን ማለት ነው?

እስቲ ነገሩን ገልብጠን እንየው። አማርኛ የሚማር አንድ የውጭ አገር ሰው አለ እንበል። አስተማሪው «አለ ማለት ሴድ ነው» ብሎ አስጻፈው። ሰውየው ወደ ከተማ ሲወጣ «ልጁ ብድግ አለ»፣ «ሕፃኑ ዝም አለ»፣ «የጤፍ ዋጋ ከፍ አለ»፣ «ዛሬስ ቀለል አለኝ»፣ «ደስ አለኝ» ሲባል ይሰማል። ምን ሊረዳ ነው? ዝም ያለ ሕፃን ምን ተናገረ? ጤፍስ አፍ አለው እንዴ? ይህ ሰው መዝገበ ቃላቱን ይዞ ግራ ቢጋባ «አማርኛ ሕግ የሌለው ቋንቋ ነው» ይላል። እኛ ግን እንስቅበታለን። «አለ» እዚህ ቦታ ንግግር እንዳልሆነች፣ ትርጉሙን የሚሸከመው ከፊቷ የሚቆመው ቃል እንደሆነ ማንም ሳያስተምረን እናውቃለን።

«ያዘ»ንም ውሰዱ። ጉንፋን ያዘኝ፤ ቀጠሮ ያዝኩ፤ ወረፋ ያዥልኝ፤ ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል፤ ትምህርቱን ቶሎ ያዘው፤ ዝናብ ያዘን። አንድም ኢትዮጵያዊ ልጅ «የያዘ ስድስት ትርጉሞች» የሚል ዝርዝር ሸምድዶ አያውቅም። ቃሉን ከነጓደኛው ነው የለመደው።

«ጌት»ም እንደዚሁ ናት። ልዩነቱ «አለ» ትርጉሟን ከፊቷ ካለው ቃል ስትቀበል «ጌት» ከኋላዋ ከሚመጣው መቀበሏ ነው። ስለዚህ «ጌት ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ልክ አይመስለኝም። ትክክለኛው ጥያቄ «ከጌት በኋላ ምን መጣ?» የሚለው ነው።

ከኋላዋ ምን መጣ?

አንደኛ፣ ስም ሲከተላት። ደብተራችን ላይ ያለችው «አገኘ» የምትኖረው እዚህ ብቻ ነው፤ እዚህም ቢሆን ብቻዋን አይደለችም። «አይ ጎት ኤ ሌተር» ደብዳቤ ደረሰኝ ነው። «ጌት ሚ ሰም ዎተር» ውኃ አምጣልኝ ነው። «አይ ጎት ዚስ ጃኬት ኢን መርካቶ» መርካቶ ገዛሁት ነው። «አይ ጎት ኤ ኮልድ» ጉንፋን ያዘኝ ነው። «አይ ዶንት ጌት ኢት» ደግሞ አልገባኝም። አንዲት ግስ፣ በአማርኛ አምስት ግስ! ግን አስተውሉ፤ በአምስቱም ውስጥ አንድ ነገር ከሌለበት ወደ እኔ ይመጣል፤ ደብዳቤው፣ ውኃው፣ ጃኬቱ፣ ጉንፋኑ፣ ሐሳቡ።

ሁለተኛ፣ ቅጽል ሲከተላት። አሁን የሚመጣው ዕቃ ሳይሆን ሁኔታ ነው። «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ» እየጨለመ ነው። «ሂ ጎት አንግሪ» ተናደደ። «ሺ ጎት ኦልድ» አረጀች። አማርኛ እዚህ ረዳት ግስ አያስፈልገውም፤ ለውጡ በግሱ ሆድ ውስጥ አለ። ለዚህም ነው ብዙዎቻችን ለውጡን ትተን በ«ኢዝ» እና በ«ወዝ» ብቻ የምንሄደው። ግን «ሂ ወዝ አንግሪ» ተናዶ ነበር ነው፤ «ሂ ጎት አንግሪ» ተናደደ ነው። ይህ ልዩነት አንዳንዴ ጉድ ያመጣል። አምና ሠርግ የደገሰ ሰው «አይ ወዝ ማሪድ ላስት ይር» ቢል፣ ሰሚው «አምና ባለትዳር ነበርኩ» ያለ ሊመስለውና «አይዞህ፣ ዘንድሮስ ምን ሆናችሁ?» ሊለው ይችላል። «አይ ጎት ማሪድ ላስት ይር» ካለ ግን «አገባሁ» ነው፤ እንኳን ደስ ያለህ ይባላል።

ሦስተኛ፣ ቦታ ወይም አቅጣጫ ሲከተላት። እዚህ የሚሻገረው ባለቤቱ ራሱ ነው። «ዌን ዲድ ዩ ጌት ሂር?» መቼ ደረስክ? «ጌት አፕ» ተነሳ። «ጌት ኢን» ግባ። በሃንድአውት እየተሰጡን ለፈተና የምንሸመድዳቸው ፍሬዛል ቨርቦች ብዙዎቹ ከዚህ ቤት የወጡ ናቸው። «ጌት ኦቨር» መጀመሪያ አጥርን ተሻግሮ ማለፍ ነው፤ ከዚያ ሐዘንን፣ በሽታን መሻገር ሆነ። «ጌት ስሩ» በመካከል አልፎ መውጣት ነው፤ ከዚያ የፈተና ሳምንትን መወጣት ሆነ። ሥዕሉን ያየ ሰው ዝርዝሩን መሸምደድ ብዙም አያስፈልገውም።

አራተኛ፣ ፓስት ፓርቲስፕል ሲከተላት። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ የኛዋ «ተ» ናት። «ማይ ፎን ጎት ስቶለን» ስልኬ ተሰረቀ። «ሂ ጎት ፋየርድ» ከሥራ ተባረረ። «ዊ ጎት ፔይድ» ተከፈለን። «ቢ»ም ይህን ሥራ ትሠራለች፣ እውነት ነው። ግን «ዘ ዊንዶው ወዝ ብሮክን» ሲባል መስኮቱ ያኔ ተሰበረ ይሁን ወይስ ድሮውንም የተሰበረ ነበር፣ ዓረፍተ ነገሩ ብቻውን አይለይም። «ጎት ብሮክን» ሲባል ግን ያለ ጥርጥር ተሰበረ፣ ድርጊት ተፈጸመ ማለት ነው። ደግሞም በጭውውት ውስጥ ይህች አነጋገር የምትመጣው በአብዛኛው በሰው ላይ አንድ ነገር ሲደርስ፣ ይልቁንም ክፉ ነገር ሲደርስ ነው።

አምስተኛ፣ መጀመሪያ ሰው ወይም ዕቃ፣ ቀጥሎ ግስ ሲከተላት። ይህች ደግሞ የኛዋ «አስ» ናት። ብዙ ጣጣ ያለው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልሂድበት።

ለፕራክቲከም በወጣሁበት ትምህርት ቤት አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ቅዳሜ ምን ሠርቶ እንደዋለ ሲናገር «አይ ሪፔርድ ማይ ሹዝ» አለኝ። «ራስህ ነህ የሰፋኸው?» ብዬ በአማርኛ ጠየቅሁት። «ኧረ ቲቸር፣ ጫማ ሰፊ ጋ ነው እንጂ!» አለና ክፍሉ ሳቀ። ልጁ በአማርኛ ቢሆን «ጫማዬን ሰፋሁ» አይልም፣ «አሰፋሁ» ነው የሚለው። በ«ሰፋሁ» እና በ«አሰፋሁ» መካከል ያለውን ልዩነት ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠጣው። እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ ግን ያቺን «አ» የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣላት። ቦታዋ «አይ ጎት ማይ ሹዝ ሪፔርድ» ነበር። ማንም አላሳየውም።

ስንቶቻችን ነን «አይ ከት ማይ ሄር» የምንለው? በዚህ አባባል ሰሚው የሚረዳው መቀስ ይዘን መስታወት ፊት ቆመን ራሳችን እንደቆረጥን ነው። «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» ነው ፀጉር ቤት የሚወስደን። «ቤት ሠራሁ»፣ «ቤት አሠራሁ»፤ «ልብስ ሰፋሁ»፣ «ልብስ አሰፋሁ»፤ «ሰነድ ተረጎምኩ»፣ «ሰነድ አስተረጎምኩ»። እነዚህን ጥንዶች በእንግሊዝኛ መለየት ያልቻለ ሰው ለሥራ ሲጠየቅ ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ ሊገኝ ነው፤ ሳያውቅ ዋሸ ማለት ነው። የቃሉን ቅደም ተከተልም አደራ፤ ዕቃው ከፓርቲስፕሉ በፊት ነው የሚገባው።

ሰውን ማሠራትም እዚሁ ውስጥ ይገባል። «አስፈረምኩት» የምትለው አንዲት የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ ቢያንስ ሦስት መንገድ አላት። «አይ ሜድ ሂም ሳይን» ካልን አስገድጄ ነው። «አይ ሃድ ሂም ሳይን» ካልን በሥራ ደንብ፣ እንዲፈርም ነግሬው ወይም አዝዤው ነው። «አይ ጎት ሂም ቱ ሳይን» ካልን ለምኜም፣ አግባብቼም፣ ብቻ እንደምንም ብዬ ነው። «ቱ» የምትገባው በ«ጌት» ጊዜ ብቻ መሆኗንም ያዙልኝ። አማርኛ ሦስቱን ባንድ ቃል ይዞ ልዩነቱን ለአገባቡ ይተወዋል፤ እንግሊዝኛ ግን አንዱን ምረጡ ይለናል።

ስድስተኛ፣ «ቱ» እና ግስ በቀጥታ ሲከተሏት። ይህ ዕድል ነው። «አይ ኔቨር ጎት ቱ ሚት ሂም» ማለት ሳላገኘው ቀረሁ፣ አልታደልኩም ማለት ነው። እዚህ ውስጥ ትንሽ ቁጭት አለ፤ በ«ዲድ ኖት ሚት» ውስጥ ያ ቁጭት አይሰማም።

አንድ ነገር ልጨምር። «አይ ሃቭ ጎት ኤ ካር» የሚለው ብዙዎችን ያደናግራል፤ ቅርጹ ያለፈ፣ ትርጉሙ አሁን «አለኝ»። እኛስ «ዣንጥላ ይዘሃል?» ስንባል «አዎ፣ ይዣለሁ» እንል የለ? መያዙ ድሮ አልቋል፣ ዣንጥላው ግን አሁን እጃችን ላይ ነው። መንገዱ ያው ነው። አሜሪካኖች ደግሞ «ጎትን» የሚለውን የድሮ ቅርጽ ስላልጣሉት «ሃቭ ጎት» ሲሉ አለኝ፣ «ሃቭ ጎትን» ሲሉ ደግሞ አገኘሁ ወይም ሆንኩ ማለታቸው ነው። እንግሊዞች «ጎትን»ን ከሞላ ጎደል ቢተዉትም «ፎርጎትን» ላይ ግን እንደ እንጥፍጣፊ ቀርቶላቸዋል።

እንግዲህ ስድስት በር ቆጠርን። በስድስቱም ውስጥ አንድ ሐሳብ ነው የሚመላለሰው፤ ካልነበረ ወደ ሆነ መሻገር። ዕቃ ወደ ሰው ይሻገራል፣ ሰው ወደ ሁኔታ ይሻገራል፣ ሰው ወደ ቦታ ይሻገራል፣ ድርጊት ሰው ላይ ይደርሳል፣ ሰው ሌላውን ወደ ሥራ ያሻግራል፣ ሰው ወደ ዕድሉ ይደርሳል። ትርጉሟ የተበታተነች የመሰለችን ግስ አንድ ገመድ አላት።

ክልከላው ምን ይቆርጣል?

አሁን ወደ «አትጠቀሙባት» ልመለስ። የሚከለክሉን መምህራን ያላቸው ክርክር ተራ አይደለም። አንዱ መምህራችን «ተማሪው ጌትን ሲለምድ ሌላ ቃል መፈለግ ይተዋል፤ ፕሮፖዛሉ ሁሉ ጌት በጌት ይሆናል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። «ዊ ጎት ዴታ» ብሎ የሚጀምር የሜቶዶሎጂ ምዕራፍ ዳታው ተሰበሰበ፣ ተገዛ፣ ተለካ ወይስ ተዋሰ አይናገርም። እዚያ «ኮሌክትድ» ወይም «ሜዠርድ» መባል አለበት። በዚህ አልከራከርም።

የምከራከረው ክልከላው ሲሰጥ ተያይዞ በሚመጣው የምትክ ዝርዝር ላይ ነው። «ኦብቴይን፣ ሪሲቭ፣ ቢካም» የሚለው ዝርዝር የሚሠራው የት ነው? በመጀመሪያው በር ላይ በከፊል፣ በሁለተኛው በር ላይ በከፊል። «አይ ኦብቴይንድ ኤ ኮልድ» ቢባል ጉንፋኑን በማመልከቻ የጠየቅን ያስመስላል። «ሂ ቢኬም ፋየርድ» አይባልም። «አይ ሪሲቭድ ማይ ሄር ከት» ጭራሽ አይሆንም። በአራተኛው፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው በር ከዝርዝሩ ውስጥ አንድም ቃል አይገባም፤ ምክንያቱም እዚያ «ጌት» ተራ ቃል ሳትሆን ሰዋስው ሆናለች። ስለዚህ ሳይለዩ መከልከል ቋንቋን ማሳመር አይደለም፤ ከተማሪው እጅ መሣሪያ መቀማት ነው። ተማሪው «አሰፋሁ» ለማለት መንገድ ሲያጣ ምን ያደርጋል? «ሰፋሁ» ይላል። ወይም ዝም ይላል። ስፖክን ክፍል ውስጥ ሁላችንም የምናውቃት ያቺ ዝምታ ከፊሏ ከዚህ የመጣች ትመስለኛለች።

ደግሞ ነገ ምን እንደምንሆን እናስብ። ብዙዎቻችን መምህር ነው የምንሆነው። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው። «ጌት ኢንቱ ግሩፕስ»፣ «ጌት ዮር ቡክስ አውት»፣ «ዚ ኤር ጌትስ ኮልደር» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች በየክፍሉ በየቀኑ የሚያስፈልጉ ናቸው። እነዚህን ደፍሮ የማይናገር የእንግሊዝኛ መምህር ምን ያወርሳል? ያንኑ «ጌት = አገኘ» ነዋ! እኛ የተቀበልነው ጠባብ ትምህርት በኛ በኩል አልፎ ለሚቀጥለው ትውልድ ይተላለፋል። የኔ ስጋት ይህ ነው።

ምን ይደረግ?

ነቅፎ መሄድ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ሦስት ሐሳብ ላቅርብ።

አንደኛው ለራይቲንግ መምህሮቻችን ነው። «ጌት አትጻፉ» ከማለት «በጥናታዊ ጽሑፍ ውስጥ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን በር ጌት በተለየ ግስ ተኩ» ቢባልስ? ለደብዳቤ፣ ለትረካ፣ ለንግግር የሚጻፍ ጽሑፍ ላይ ግን ቀይ እስክሪብቶው ይለፋት። ሕጉ ከጽሑፉ ዓይነት ጋር ቢያያዝ ተማሪው ሬጂስተር የሚባለውን ነገር እግረ መንገዱን ይማረዋል።

ሁለተኛው ለኛ ለፕራክቲከም ወጪዎች ነው። ሌሰን ፕላን ስናዘጋጅ ቃልን ብቻዋን ሰሌዳ ላይ አንስቀላት። ከነዓረፍተ ነገሯ እናምጣት። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ነው የሚተረጉመው። በዚያው ዓመት የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ መዝገበ ቃላትም ወጥቷል። ያገኘ ሰው «ጌት» የሚለው ገጽ ላይ ገብቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ።

ሦስተኛው ሐሳቤ አንዳንዶችን ላያስደስት ይችላል። እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ የራሳችንን ቋንቋ ማንሳት እንደ ነውር አይቆጠር። «ተማሪው መተርጎም ይለምዳል» የሚባለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ግን ተማሪው ባንፈቅድለትም በሆዱ እየተረጎመ ነው፤ ያውም «ጌት = አገኘ» በሚል አንድ መስመር። ከዚያ ይልቅ «አሰፋሁ ውስጥ ያለችው አ እንግሊዝኛ ውስጥ የት ገባች?» ብሎ መጠየቅ መተርጎም ሳይሆን ማወዳደር ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ብቻ የሚሆንም አይደለም። ኦሮምኛ ግሱ ጫፍ ላይ እየጨመረ ያንኑ ይሠራል፤ «ሙሩ» መቁረጥ፣ «ሙረሙ» መቆረጥ፣ «ሙርሲሱ» ማስቆረጥ ነው። የዶርም ጓደኞቼ እንደነገሩኝ ደግሞ ይህን ልዩነት በየአፍ መፍቻቸው ሳያስቡት ነው የሚለዩት። እንግዲህ ክፍላችን ውስጥ ያለው ቋንቋ ሁሉ ለ«ጌት» በር የሚከፍት ቁልፍ ይዟል። ቁልፉን በር ላይ አስቀምጣችሁ ግቡ መባላችን ነው የሚያሳዝነው።

ከመሰናበቴ በፊት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ የእንግሊዝኛ ፊልም ወይም ዜና ስትከታተሉ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። «ጌት» ወይም «ጎት» በሰማችሁ ቁጥር ጭረት አድርጉና ከኋላዋ ምን እንደመጣ ጻፉ። ከስድስቱ በሮች ውስጥ የማይገባ ካገኛችሁ ደስ ይለኛል፤ ለሚቀጥለው ዕትም ጻፉበት። «የለም፣ ክልከላው ልክ ነው» የምትሉ መምህራንና ተማሪዎችም ብዕራችሁን አንሱ፤ ሐሳብ በሐሳብ ሲሞረድ ነው የሚሳለው።

ቸር ይግጠመን።